«ከወጣበት ቀን ጀምሮ» ሲባል ከመቼ ጀምሮ ነው?

ማስታወቂያ አንባቢው መልሶ ሊጠይቀው የማይችል ጽሑፍ ነው። መምህር ያስተማረው ባይገባን እጅ እናወጣለን፤ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ግን ያለው ቃል ያው ነው። በዚህ ጽሑፍ በየመሥሪያ ቤቱ ሰሌዳ ላይ የማትጠፋ አንዲት ሐረግ ብቻ አንሥቼ ለማየት እሞክራለሁ፦ «ይህ ማስታወቂያ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ባሉት 5 ተከታታይ የሥራ ቀናት ውስጥ»።

ሐረጓን የመረጥኳት ያለ ምክንያት አይደለም። ታላቅ እኅቴ የአካውንቲንግ ዲፕሎማዋን ይዛ ሥራ ስትፈልግ አንድ መሥሪያ ቤት እንዲህ የሚል የቅጥር ማስታወቂያ አወጣ። ማስረጃዋን ፎቶ ኮፒ አስደርጋ፣ ከአቃቂ ሁለት ታክሲ ይዛ ሰኞ ጠዋት ስትደርስ «ምዝገባው እኮ አርብ አልቋል» አሏት። እሷ በቆጠረችው ግን የመጨረሻው ቀን ያ ሰኞ ነበር። ታዲያ ማን ተሳሳተ?

እስቲ እንቁጠረው። ማስታወቂያው ሰኞ ኅዳር 1 ተለጠፈ እንበል። ሰኞን ራሱን ከቆጠርን አምስተኛው ቀን አርብ ኅዳር 5 ነው። ከማግስቱ ከጀመርንና ቢሮው ቅዳሜ ግማሽ ቀን የሚሠራ ከሆነ ቅዳሜ ኅዳር 6 ይሆናል። ቅዳሜ ካልተቆጠረ ደግሞ ሰኞ ኅዳር 8። አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ሦስት መዝጊያ ቀን! «ጀምሮ» ካለ ሰኞም ይቆጠራል የሚል ይኖራል፤ በሰዋስው ያስኬዳል፣ እኔም አልክድም። ግን ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ቀን ሐሙስ ሆኖ የተለጠፈው ሰኞ ቢሆንስ? «ወጣ» የሚባለው የቱ ጊዜ ነው?

ጸሐፊዎቹ ሰንፈው አይመስለኝም። ረቂቁ ሲዘጋጅ ፊርማና ማኅተም አግኝቶ መቼ እንደሚለጠፍ፣ በጋዜጣ ከሆነም በየትኛው እትም እንደሚወጣ አይታወቅም። ሐረጓ ለማንኛውም ቀን ስለምትሆን ለቢሮው ትመቻለች። ቆጠራው ግን በአንባቢው ላይ ይወድቃል፣ ስሕተቱም የሱ ይሆናል። ለሰሌዳ ማስታወቂያ መላው ቀላል ነው፦ የቀኑ ቦታ ክፍት ይተውና የሚለጥፈው ሰው በእስክሪብቶ ይሙላው። «ምዝገባ የሚያበቃው አርብ ኅዳር 5 ቀን ከቀኑ 11:30 ሰዓት ነው።» ዕለቱና ቀኑ አብረው ሲጻፉ አንዱ ቢሳሳት ሌላው ያጋልጠዋል። «ከቀኑ»፣ «ከጠዋቱ» የምትለዋም አትቅር፤ 3:00 ብቻ ቢባል በእኛ አቆጣጠር ጠዋት፣ በፈረንጆቹ ግን ከሰዓት በኋላ ሊሆን ይችላል።

የሌላውን ስንወቅስ የራሳችንንም ሰሌዳ እንይ። ማክሰኞ የተለጠፈ «ነገ የሜካፕ ፈተና ይሰጣል» የሚል ወረቀት አርብም እዚያው «ነገ» እያለ ነበር። ከሥሩ አንድ ተማሪ «የትኛው ነገ?» ብሎ ጽፎበታል።