መርካቶን በትንሽ ብር

ጥያቄ፦ የምኖረው ቡራዩ ነው። ከክፍለ ሀገር የመጣች እህቴን መርካቶ ላሳያት እፈልጋለሁ፤ በእጄ ያለው ብር ግን ጥቂት ነው። ከየት እንጀምር?

መልስ፦ መርካቶን ለማየት መግቢያ አይከፈልም፤ ወጪዎ ታክሲና ምሳ ብቻ ነው። እርስዎ በአስኮ በኩል ይግቡ፤ የሰበታ ሰው በዓለም ገና፣ የሱሉልታው በአዲሱ ገበያ ይመጣል። ቅዳሜ መተላለፊያ የለም፣ እሑድ ብዙው ሱቅ ዝግ ነው። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ጠዋት ይሻላል።

እኔ ብሆን ከምን አለሽ ተራ እጀምራለሁ። አሮጌ በርሜል ተቀጥቅጦ ምድጃ፣ ያለቀ የመኪና ጎማ ተቆርጦ በረባሶ የሚሆነው እዚያ ነው። የአዲስ አበባን ብልሃት የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም፤ ቆም ብላችሁ የቀጥቃጮቹን እጅ እዩ። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ግን አስፈቅዱ። ሸክም የያዘ ወዛደር ከኋላ ሲጮህ ቶሎ ጥግ ያዙ፤ ሸክሙ እንደልብ አያስቆመውም።

ከዚያ በርበሬ ተራ ግቡ። ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ በትንሹም ይሸጣል፤ ለእናት የሚሆን ስጦታ ከዚያ አይጠፋም። ሦስት ቦታ ሳትጠይቁ ግን አትግዙ። የታክሲውን ዝርዝር ለብቻ ያዙት። እህትዎ የሐበሻ ቀሚስ ካማራት፣ እሱን ለሌላ ቀን ሽሮ ሜዳ ያቆዩላት።