በመዓድን ስለ ተበከለ ውኃና ስለ ባክቴሪያ

ውኃ ሲፈላ በዓይን የማይታዩ ተሐዋስያን ይሞታሉ፤ የሟሟበት መዓድን ግን አይጠፋም፤ እንዲያውም ውኃው በተነነ መጠን ይበረታል። መምህራን ይህን ለተማሪዎቻቸው አጥብቀው ያስረዱ።

የቤት ክዳን ቆርቆሮን ከዝገት የሚጠብቀው ዚንክ፣ በሆላንድ አገር ቡደል በሚባል ስፍራ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ1892 ዓ.ም. ጀምሮ ይነጠር ነበር፤ ከዘመን ብዛት የተነሣ ከምድር በታች ያለው ውኃ በዚንክና በድኝ ጨው ተበከለ። በ1992 ዓ.ም. ውኃውን እየሳቡ ባክቴሪያ ወዳለበት ታላቅ ጋን ያገቡት ጀመር። እነዚህ ባክቴሪያዎች አየር በሌለበት የሚኖሩ ናቸው፤ አልኮል እየተመገቡ የድኙን ጨው ሽታው እንደ ገማ ዕንቍላል ወደ ሆነ ጋዝ ይለውጡታል። ጋዙም ከዚንኩ ጋር ሲገናኝ ሁለቱ ተያይዘው ይዘቅጣሉ፤ ዝቃጩም ወደ ፋብሪካው ምድጃ ተመለሰ፤ የጠፋው ዚንክ ተገኘ ማለት ነው። ነገር ግን ጋዙ ገዳይ መርዝ ነውና ማንም በቤቱ ጋን አይሞክረው።