ዒድ ማንንም ከደጅ አያስቀርም



ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ የዛሬው የጁመዓ ማስታወሻችን ስለ ዒድና ስለ ተማሪ ልጆች ነው። ሁለቱን ምን አገናኛቸው ትሉ ይሆናል። ከመቀሌ እንጀምርና ቀስ ብለን እንድረስበት።

ሚያዝያ 13 ቀን 2015 ዓ.ም. ጁመዓ ነበር። የ1444 ዓመተ ሂጅራ ዒድ አል-ፊጥር የዋለው በዚያ ቀን ነው። ለመቀሌ ሙስሊሞች ይህ ዒድ ከሌሎቹ ይለያል። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት ከተፈረመ በኋላ የመጣ የመጀመሪያው ዒድ አል-ፊጥር ነበርና። ክርስቲያን ጎረቤቶቻቸውም ፋሲካን ያከበሩት ከአምስት ቀን በፊት ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ሐዘን ተቀምጦ የቆየ ከተማ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት በዓል አየ።

በዚያው ዓመት ሌላም ነገር እየሆነ ነበር። ለረጅም ጊዜ ተዘግተው የቆዩት ትምህርት ቤቶች ቀስ በቀስ መከፈት ጀመሩ። ነገሩን በአንድ ልጅ ዕድሜ አስቡት። መጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ትምህርት ቤት ሲያዘጋ የሰባት ዓመት አንደኛ ክፍል ተማሪ የነበረች ልጅ፣ ጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ተጨመረባት። ወደ ክፍል ስትመለስ አሥር ዓመት ሆኗታል። ፊደል ቆጥራ ሳትጨርስ ሦስት ዓመት አለፈ። በመቀሌ ውስጥ እንደ ማይ ወይኒና ሓድነት ያሉ ትምህርት ቤቶች ከቀያቸው ለተፈናቀሉ ቤተሰቦች መጠለያ ሆነው ነበር። ዴስኩ ላይ ልጆች መማራቸው ቀርቶ፣ ክፍሉ ውስጥ እናቶች ምንጣፍ አንጥፈው ልጅ አሳደጉበት። ከከተማው ወጣ ሲሉ ባሉት የገጠር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ደግሞ የጎደለው ብዙ ነው። መቀመጫ ይጎድላል፣ መጽሐፍ ይጎድላል፣ ደብተር ይጎድላል።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። የዒድ ተክቢራ በሚሰማበት ሰፈር፣ ከዒዱ ማግስት ባዶ እጇን ክፍል የምትገባ ልጅ ካለች፣ የእኛ ዒድ እሷን ይመለከታታል ወይስ አይመለከታትም?

መልሱን ከራሳችን አናመንጭ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዒድን እንዴት እንዳሳለፉት እንይ።

1. ጂልባብ የሌላት እህት

ኡሙ ዐጢያ (ረ.ዐ) እንዳስተላለፈችው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በዒድ ቀን ሴቶች ሁሉ እንዲወጡ አዘዙ። ወጣቶቹም፣ ከቤት የማይወጡትም፣ የወር አበባ ላይ ያሉትም ጭምር። የወር አበባ ላይ ያሉት ከመስገጃው ገለል ብለው መልካሙን ነገርና የሙስሊሞችን ዱዓ ይካፈላሉ። በዚህ ጊዜ አንዷ ጂልባብ ስለሌላት እህት ጠየቀች። የተሰጣት መልስ ጓደኛዋ ከጂልባቧ ታልብሳት የሚል ነበር።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ልብስ የላትምና ይቅርባት አልተባለም። ልብስ እስክታገኝ ትጠብቅም አልተባለም። ጥያቄው የተመለሰው ልብስ ወዳላት ጓደኛ ዞሮ ነው። የአንዷ ማጣት የሌላዋ ኃላፊነት ሆነ። ዛሬ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ከተቀመጡት ሁለት ልጆች አንዷ ደብተር ቢኖራት ሌላዋ ባይኖራት፣ የሱናው መንገድ ይህ ነው። ያላት ትጠየቃለች።

2. በዒድ ሜዳ ላይ የተሰጠው ትምህርት

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የዒድ ሶላትን ሰግደው ኹጥባ ካደረጉ በኋላ ሴቶቹ በደንብ እንዳልሰሙ ስለተሰማቸው ወደ እነሱ ሄዱ። መከሯቸው፣ አስተማሯቸው፣ ሰደቃ እንዲሰጡም አነሳሷቸው። አብሯቸው የነበረው የኛው ሐበሻ ቢላል (ረ.ዐ) ነው። ልብሱን ዘረጋ፣ ሴቶቹም የጆሮ ጉትቻቸውንና ቀለበታቸውን እየፈቱ ጣሉበት።

ልብ በሉ፤ ራቅ ያለው ሰው አልሰማም ተብሎ አልተተወም፤ አስተማሪው ራሱ ተነስቶ ወደ እሱ ሄደ። ዕውቀት የደረሳቸውም እዚያው ቆመው ሰጡ። በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዒድ መማርና መስጠት በአንድ ሜዳ ላይ የተገናኙት እንዲህ ነው።

የመጀመሪያው ዒድ አል-ፊጥር የተከበረበትን ጊዜም አስታውሱ። ሁለተኛው ዓመተ ሂጅራ ነው። ከበድር ዘመቻ ሁለት ሳምንት ያህል ብቻ ነው ያለፈው። ኢማም አሕመድ በዘገቡት የኢብኑ ዐባስ ዘገባ መሠረት፣ ከምርኮኞቹ መካከል ቤዛ የሚከፍሉት ያጡ ሰዎች የአንሷር ልጆችን መጻፍ በማስተማር ነፃ እንዲወጡ ተደርጓል። መዲና ያኔ ድሃ ከተማ ነበረች። ገንዘብ በጣም ያስፈልጋት ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግን የልጆችን ፊደል ማወቅ እንደ ገንዘብ ቆጠሩት። አስተማሪዎቹ ደግሞ ሙስሊሞች እንኳ አልነበሩም።

3. ከሐበሻ የተመለሰችው ልጅ

ይህኛው ታሪክ በተለይ የኛ ነው። ከመቀሌ በስተ ሰሜን 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ነጃሺ አለ። በ615 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የመጀመሪያዎቹ ሙስሊም ስደተኞች በንጉሥ ነጃሺ ጥበቃ ሥር ወደ ሐበሻ ሲገቡ ያረፉበት ተብሎ የሚታሰብ ቦታ ነው። የነጃሺ መስጂድ በኅዳር 2013 ዓ.ም. በጦርነቱ ጉዳት ደርሶበታል።

እነዚያ ስደተኞች በሐበሻ ልጆች ወልደዋል። ከእነዚህ ልጆች አንዷ ኡሙ ኻሊድ ቢንት ኻሊድ (ረ.ዐ) ናት። ቤተሰቧ ወደ መዲና ሲመለስ ገና ትንሽ ልጅ ነበረች። ቡኻሪ እንደዘገቡት አንድ ቀን ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ልብሶች መጡላቸው፤ ከመካከላቸው ጌጥ ያለው ትንሽ ጥቁር ልብስ ነበር። ለማን እናልብሰው ብለው ጠየቁ። ሰዎቹ ዝም አሉ። ኡሙ ኻሊድን አምጡልኝ አሉ። ታዝላ መጣች፣ በገዛ እጃቸውም አለበሷት፣ ረጅም ዕድሜ እንድትለብሰው ተመኙላት። ከዚያም ወደ ልብሱ ጌጥ እያመለከቱ በሐበሻ ቋንቋ «ሰናህ» አሏት፤ ቆንጆ ነው ማለታቸው ነው። የግዕዙን «ሠናይ» የሚያውቅ ሰው ቃሉ እንግዳ አይሆንበትም።

በስደት ተወልዳ ወደማታውቀው ከተማ የመጣች ልጅ ናት። ያገኘችው ስጦታ ልብስ ብቻ አይደለም። በስም ተጠርታለች፣ ባደገችበት ቋንቋ ተነግሯታል፣ በሰው ፊት ከፍ ተደርጋለች። ዛሬ በመቀሌ ዳርቻ ሰባ ካሬ በሚባለው የተፈናቃዮች መጠለያ ያሉ ልጆችን ስናስብ ይህን ታሪክ አብረን እናስብ። ለልጅ መስጠት ማለት እንዲህ ነው።

ሃይማኖት ሳይለይ

አንዳንድ ወጣቶች «የምንረዳው ሙስሊም ተማሪ ብቻ ነው ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ። በመቀሌ ሙስሊሙ በቁጥር አነስተኛ ነው። በገጠር ትምህርት ቤት በአንድ ክፍል ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ሙስሊም ልጆች ብቻ ሊኖሩ ይችላሉ። ታዲያ ደብተር ይዘህ ገብተህ ለሁለቱ ሰጥተህ፣ ለቀሩት ጀርባህን ሰጥተህ ትወጣለህ?

ሱረቱል ሙምተሒና አንቀጽ 8 በሃይማኖት ላልተዋጉንና ከቤታችን ላላባረሩን ሰዎች በጎ ከመዋልና ፍትሐዊ ከመሆን አላህ እንደማይከለክለን ይነግረናል። ዐብዱላህ ኢብኑ ዐምር (ረ.ዐ) በቤታቸው በግ በታረደ ጊዜ አይሁዳዊው ጎረቤታቸው ድርሻው ደርሶት እንደሆነ ደጋግመው ጠይቀዋል። በሀገራችንም ቢሆን ክርስቲያኑ ለበዓሉ ሙስሊም ጎረቤቱን ሲጠራ ለብቻው በሙስሊም እጅ አሳርዶ፣ በተለየ ድስት አሠርቶ ይጠብቀዋል። ሰው ሃይማኖቱን ሳይለቅ ጎረቤቱን ሊያከብር እንደሚችል ከእናቶቻችን ጓዳ ተምረናል።

ብይኑን እንለይ

በጎ ለመሥራት ስንነሳ ሕጉን እንዳናደባልቅ ጥቂት ነጥቦች እነሆ፦

ዘካተል ፊጥር ግዴታ ነው። ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል፣ ለሕፃኑም ጭምር፣ አንድ ቁና (ሷዕ) የአካባቢው ዋና ምግብ ነው። በኪሎ ከ2.5 እስከ 3 ይገመታል። በእኛ ሀገር ጤፍ፣ ስንዴ፣ ገብስ ሊሆን ይችላል። አብዛኞቹ ዑለማዎች በምግብ መሰጠት አለበት ይላሉ፤ በኢማም አቡ ሐኒፋ መዝሀብ ግምቱን በገንዘብ መስጠት ይቻላል። የሚሰጠው ከዒድ ሶላት በፊት ነው፤ ሰሓቦች ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በፊት ያወጡት ነበር። ከሶላት በኋላ የተሰጠ እንደ ማንኛውም ሰደቃ ይቆጠራል። ስለዚህ ዘካተል ፊጥርን ደብተር አታድርጉት። ዓላማው ድሃው በዒድ ቀን እንዳይለምን ነው፤ እንዲበላ አድርጉት።

ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ ቦርሳና ዩኒፎርም ከሰደቃ ይወጣል። ሰደቃ ሰፊ በር ነው። ለሙስሊሙም ለሌላውም ይሰጣል፣ ጊዜም አይገድበውም።

የዒድ አል-አድሐ ሥጋ ደግሞ ለቤተሰብ፣ ለጎረቤትና ለድሃ የሚካፈል ነው። ሙስሊም ያልሆነ ጎረቤትም ከእሱ ስጦታ ሊደርሰው ይችላል።

ምን እናድርግ?

ነገሩን ትልቅ አድርገን ስንፈራው ሳንጀምረው ይቀራል። አምስት ጓደኛሞች ሁኑ። ለዒድ ልብስ ካሰባችሁት ላይ የአንድ ሸሚዝ ዋጋ እንኳ ቀንሱ። ከዚያ በአቅራቢያችሁ ወዳለ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሂዱና ርዕሰ መምህሩን ወይም የክፍል ኃላፊ መምህሯን ምን እንደጎደለ ጠይቁ። እናንተ ደብተር ስታስቡ እነሱ ጠመኔ አጥተው ሊሆን ይችላል። ሳይጠይቁ መስጠት ብዙ ጊዜ ራስን ማስደሰት ነው።

ገንዘብ የሌላችሁ ጊዜ አላችሁ። አሥራ አንደኛና አሥራ ሁለተኛ ክፍል የደረሳችሁ፣ ትምህርት የተቋረጠባቸውን ትናንሽ ልጆች በበዓል ዕረፍት ቀናት በሳምንት ሁለት ሰዓት አስነብቡ። በመድረሳው ግቢ ሊሆን ይችላል፣ በአንዳችሁ ቤት በረንዳ ላይም ሊሆን ይችላል። ሦስት ዓመት ያመለጣት ልጅ ደብተር ብቻ ቢሰጣት በባዶ ደብተር ትቀመጣለች። አጠገቧ ቁጭ ብሎ ፊደሉን በጣት እያሳየ የሚያስነብባት ሰው ያስፈልጋታል።

ስትሰጡ ደግሞ ካሜራውን አስቀምጡት። ልጅ ደብተር ሲቀበል ተነስቶ የተለጠፈ ፎቶ እናንተ ከረሳችሁት በኋላም የክፍል ጓደኞቹ አይረሱትም። አላህ በሱረቱል በቀራ አንቀጽ 264 ሰደቃችንን በመመጻደቅና ሰውን በማስከፋት እንዳናበላሽ ያስጠነቅቀናል። በአንቀጽ 271 ደግሞ በግልጽ መስጠትም መልካም እንደሆነ፣ በስውር ለድሆች መስጠት ግን የበለጠ እንደሆነ ይነግረናል። ለመምህሯ ስጡና ውጡ። መምህሯ ለሚገባው ልጅ ጸጥ ብላ ታድርሰው። ልጁ የሰጠውን ሰው አያውቅም፤ አላህ ግን ያውቃል።

ከዒድ በኋላስ? ዒድ በየዓመቱ አሥራ አንድ ቀን ያህል እየቀደመ ይመጣል፤ አንዳንዴ መስከረም ላይ፣ አንዳንዴ ሰኔ ላይ ያርፋል። የልጆቹ ትምህርት ግን ዓመቱን ሙሉ ነው። በዒድ የጀመራችሁትን በወሩም ጠይቁ፦ «ያቺ ልጅ አሁን ታነባለች?» ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አላህ ዘንድ ተወዳጁ ሥራ ትንሽም ቢሆን የሚዘወተረው እንደሆነ አስተምረውናል።

በሚቀጥለው ዒድ ማለዳ አዲሱን ልብሳችሁን ስትለብሱ ጂልባብ ያልነበራትን እህት አስታውሱ። በክፍላችሁ፣ በሰፈራችሁ፣ በአጠገባችሁ ባለው ትምህርት ቤት እሷ ማን እንደሆነች ራሳችሁን ጠይቁ። ካወቃችኋት ዒዱ ሳይደርስ ዛሬውኑ ጀምሩ።

አላህ ሆይ! በትግራይም፣ በመላው ሀገራችንም ያሉ ልጆችን በሰላም ወደ ክፍላቸው መልሳቸው። የተፈናቀሉትን ወደ ቤታቸው አግባቸው። መምህሮቻቸውን አበርታቸው። የምንሰጠውን ከሪያእ አጥራልን፣ ትንሹንም ተቀበለን። አሚን።

መልካም ጁመዓ። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።