ስብከቱ የማን፣ ጥምቀቱ የማን፦ የወንጌል ስብከትና የምእመናን አቀባበል በጋፋትና በአካባቢው (1847–1860 ዓ.ም.)

ስለ ጋፋት የተጻፈው ታሪክ በአብዛኛው የመድፍ ታሪክ ነው። ከደብረ ታቦር ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቃ በምትገኘው በዚህች ስፍራ «ሴባስቶፖል» መሠራቱን፣ ከዚያም በ1860 ዓ.ም. እየተጎተተ መቅደላ መድረሱን የማያውቅ የታሪክ ተማሪ የለም ማለት ይቻላል። ብረቱን ያቀለጡት አውሮጳውያን ግን ወደ በጌምድር የመጡት መድፍ ለመሥራት ሳይሆን ወንጌል ለማስተማር ነበር። የመድፉ ዝና ይህን ዓላማ ስለ ሸፈነው፣ ዓላማው ያስነሣው አንድ ጥያቄም ተገቢውን ትኩረት ሳያገኝ ቆይቷል፤ ስብከቱን ሰምቶ ያመነውን ሰው ማን ይቀበለዋል? ወደየትኛውስ ማኅበር ይገባል?

የጥያቄው መነሻ ፈቃዱ የተሰጠበት ሁኔታ ነው። የኢየሩሳሌም የአንግሊካን ጳጳስ የነበረው ሳሙኤል ጎባት ቀደም ሲል ኢትዮጵያ ውስጥ ስለ ሰበከ አገሩን ያውቃል። በ1847 ዓ.ም. ዳግማዊ ቴዎድሮስ ሲነግሡ፣ ባዝል አጠገብ ባለው በቅዱስ ክሪሾና ትምህርት ቤት የሠለጠኑ፣ ክህነት የሌላቸው፣ መጽሐፍ ቅዱስንና የእጅ ሙያን አጣምረው የያዙ ወጣቶችን የመላክ ዕቅድ ተነደፈ። መንገዱን ለማጥናት ሉድቪግ ክራፕፍና ማርቲን ፍላድ ቀድመው መጡ። ንጉሠ ነገሥቱ የፈለጉት ባለሙያ ነበር። አቡነ ሰላማ በወጣትነታቸው ካይሮ በእንግሊዝ ሚስዮን ትምህርት ቤት የተማሩ በመሆናቸው ለፕሮቴስታንቶች ፊታቸውን አላዞሩም፤ ይሁንና በመንበራቸው ሥር ሌላ ቤተ ክርስቲያን እንዲቆም አልፈቀዱም። ፍላድ፣ ቤንደር፣ ማየርና ኪንዝለን፣ ከእነርሱም በኋላ ዋልድማየርና ዛልሙለር የገቡት በዚህ ጠባብ በር ነው።

ይዘውት የመጡት ዋና መሣሪያ መጽሐፍ ነበር። አባ አቡ ሩሚ ካይሮ ተቀምጠው የተረጎሙት የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ በ1840 እ.ኤ.አ. ሙሉው ታትሞ ስለ ነበር፣ ስብከቱ በአመዛኙ በአንድ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ አማርኛ የሚካሄድ ነበር። ግእዝ ለማያውቀው ሰው ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ነገር ግን መጽሐፍ ማንበብ አንድ ነገር ነው፤ ማኅበር መግባት ሌላ።

ልዩነቱ ጎልቶ የወጣው ሄንሪ ስተርን በ1860 እ.ኤ.አ. ሲመጣ ነው። ስተርን በትውልዱ አይሁዳዊ የነበረ፣ በአይሁድ መካከል ክርስትናን ለማስፋፋት በተቋቋመው የለንደን ማኅበር የተላከ ሰባኪ ነው፤ የመጣውም ያኔ ሌላው ሕዝብ ፈላሻ ይላቸው ለነበሩት ለቤተ እስራኤል ነበር። ንጉሠ ነገሥቱና ጳጳሱ እንዲሰብክ ፈቀዱለት፤ የሚያምኑት ግን በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን እንዲጠመቁ ግዴታ አኖሩበት። ስተርን ተስማማ። ማኅበሩን የተቀላቀለው ፍላድም በደንቢያ ጄንዳ ተቀምጦ ሥራውን በዚሁ ውል ቀጠለ። በዚህ መሠረት የሚያስተምረው አንዱ፣ የሚያጠምቀው ሌላው ሆነ። ሚስዮናውያኑ የቤተ ክርስቲያኒቱን ጾምና ሥዕል እየነቀፉ ያስተማሩትን ሰው፣ መልሰው ለዚያችው ቤተ ክርስቲያን ቄስ ያስረክቡ ነበር። ሁለቱም ወገኖች ነገሩን አውቀው ችላ ያሉት ይመስላል፤ ለአንደኛው የምእመናኑ ቁጥር፣ ለሌላኛው የመንበሩ አንድነት ይበልጥበት ነበርና።

የሚጠመቀው ሰው ግን ችላ ሊለው አይችልም ነበር። በበጌምድር የገጠር ሕይወት ጥምቀት ከምሥጢርነቱ ሌላ የዝምድና ውልም ነው። ወንዱ በአርባ፣ ሴቷ በሰማንያ ቀን ሲጠመቁ ክርስትና አባት ወይም ክርስትና እናት ያገኛሉ፤ በዚህም ሁለት ቤተሰቦች ይዛመዳሉ። በአንገት የሚታሰረው ማተብ ሰውየው የማን ወገን እንደ ሆነ ከሩቅ ይናገራል። ከዚያ በኋላ የንስሐ አባት፣ ሰንበቴ፣ የጽዋ ማኅበርና ተዝካር አሉ፤ በመጨረሻም በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር የሚገኝ የመቃብር ቦታ አለ። ይህ ሁሉ የሚጠናው በአያት በቅድመ አያት ነው። ጎልማሳ ሆኖ የተጠመቀ ሰው ማተቡንና ክርስትና አባቱን ቢያገኝም፣ ከጀርባው ያለውን ትውልድ ቄሱ ሊሰጠው አይችልም። በተለይም ቀጥቃጭ ወይም ሸክላ ሠሪ ከሆነ፣ «ቡዳ ነው» የሚለው ሐሜት ከጥምቀቱ ውኃ ጋር ታጥቦ አይሄድለትም። አብሮ መብላትና ልጅ መዳር ላይ ሲደረስ የድሮው ድንበር ብዙ ጊዜ ባለበት ይገኛል።

ጋፋት በዚህ ረገድ አስገራሚ ንጽጽር ታቀርባለች። ሚስዮናውያኑ ራሳቸው በምድጃና በመዶሻ የሚሠሩ ሰዎች ነበሩ፤ ማለትም አገሩ በጠይብነት የሚንቀውን ሥራ ይሠሩ ነበር። ይሁን እንጂ ንጉሡ አከበሯቸው፣ ሸለሟቸው። ዋልድማየርና ዛልሙለር የቴዎድሮስ ባለሟል የነበረውን የዮሐንስ ቤልን፣ በእናታቸው ኢትዮጵያውያን የሆኑትን ሴት ልጆች አገቡ። የእንግዳው ብረት ሠሪ በጋብቻ ዘመድ ሲሆን፣ የአገሬው ብረት ሠሪ ተጠምቆም ከዘመድነቱ ደጃፍ ቆመ። ስለዚህ ያገለለው ሙያው ብቻ ነበር የሚለው የተለመደ ማብራሪያ በቂ አይደለም፤ ሙያው ከትውልድ ጋር ተጣብቆ ሲታይ ነው ነውር የሚሆነው።

በአንጻሩ ተጠማቂው የለቀቀው ቤትም በሩን ዘግቶበታል። ቤተ እስራኤል ከሌላው ሰው ጋር ላለመነካካት የሚጠብቁት ጥብቅ የንጽሕና ሥርዓት ነበራቸው፤ ጎረቤቶቻቸው «አትንኩኝ» የሚሏቸውም በዚሁ ነው። ከእንግዳ ጋር የዋለ ሰው ሳይታጠብ መንደር አይገባም። ክርስቲያን የሆነው ወንድም በዚህ ሥርዓት ዓይን እንግዳ ነው። የሚስዮኑ ግፊት የቱን ያህል እንዳስደነገጣቸው ለማየት የ1862 እ.ኤ.አ. ጉዞ ይበቃል፤ አባ ማሃሪ የተባሉት መነኩሴ ብዙ ሕዝብ አስከትለው ወደ ተስፋዪቱ ምድር ተነሡ፤ ትግራይ ሲደርሱ ረኃብና በሽታ ብዙውን ፈጀው። ጉዞውን ያነሣሣው ስብከቱ ብቻ እንደ ነበር መናገር ያስቸግራል፤ ወቅቱ መግጠሙ ግን አጋጣሚ ብቻ ነው ለማለት የበለጠ ያስቸግራል።

በእነዚህ ሁለት የተዘጉ በሮች መካከል የቀሩት ሰዎች «ማርያም ወደድ»፣ በኋላም «ፈላስ ሙራ» የሚል ስም ወጣላቸው። የቴዎድሮስ መንግሥት ወድቆ አውሮጳውያኑ በ1860 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጦር ጋር ሲወጡ ሥራው አልቆመም። በአፄ ዮሐንስ ዘመን የውጭ ሰባክያን መግቢያ ሲያጡ፣ በፍላድ እጅ አድጎ አውሮጳ የተማረው ሚካኤል አረጋዊና ባልደረቦቹ አስተማሪነቱን ያዙ፤ ፍላድም ከአውሮጳ በደብዳቤ ይመራቸው ነበር። አስተማሪዎቹ ኢትዮጵያውያን ሆኑ ማለት ነው፤ የጥምቀቱ ውል ግን ያው ነበር። ዋልድማየር በበኩሉ ወደ ሊባኖስ ተሻግሮ ትምህርት ቤትና የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል አቋቋመ፤ ጋፋት በሕይወቱ ውስጥ አንድ ምዕራፍ ሆና አለፈች።

ለተጠማቂዎቹ ልጆች ግን ምዕራፉ አልተዘጋም። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያን በ«ዘመቻ ሰሎሞን» ወደ እስራኤል ሲጓጓዙ፣ አያቶቻቸው ክርስትና የተቀበሉ ብዙ ቤተሰቦች አዲስ አበባ ላይ ከአውሮፕላኑ ቀሩ። ከዚያ ወዲህ በአዲስ አበባና በጎንደር ሆነው ለዓመታት ሲጠብቁ፣ የሚጠየቁት የዘር ሐረጋቸውን ነው፤ አያት የተጠመቀው የት ነው፣ በማን እጅ፣ እናቱስ ማን ነበረች? በ1850ዎቹ የጥምቀቱ ውል ሲገባ እነዚህን ጥያቄዎች መዝግቦ የማቆየት ኃላፊነት ለማንም አልተሰጠም ነበር። ሚስዮኑ የተጠመቁትን በሪፖርቱ ሲቆጥር፣ አጥቢያው ደግሞ ዝምድናውን በቃል ብቻ ይዞት ቆየ።