ከአንዱ የኮምፒዩተር ቋንቋ ወደ ሌላው
አስተርጓሚው ፕሮግራም የማያየው ነገር

«ትምህርት የሚጀመረው ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው» የሚለውን ቃል በቃል ገልብጠን ለአንድ የውጭ አገር እንግዳ ብንነግረው፣ ሰውዬው በእኛ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ መጥቶ የተዘጋ በር ያንኳኳል። «ሁለት» የሚለው ቃል በትክክል ተተርጉሟል። የተለያየው ቆጠራው የሚጀመርበት ቦታ ነው። በአንድ የኮምፒዩተር ቋንቋ የተጻፈን ፕሮግራም አንብቦ በሌላ ቋንቋ የሚጽፍ ፕሮግራም ሲሠራም የሚገጥመው ችግር ይኸው ነው።

ለመሆኑ ለምን አስፈለገ? ፎርትራን የሚባለው ቋንቋ በ1957 እ.ኤ.አ. ከአይ ቢ ኤም ኩባንያ በጆን ባከስ መሪነት ከወጣ ወዲህ፣ ለሳይንስ የሚሆን እጅግ ብዙ ስሌት ተጽፎበታል። በኋላ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ዴኒስ ሪቺ በቤል ላቦራቶሪ ሲ የተባለውን ቋንቋ ሠራ። ዘመን የፈተነውን ስሌት እንደገና በእጅ መጻፍ ድካም ብቻ ሳይሆን አዲስ ስህተት መጋበዝም ነው። ስለሆነም በዚያው ላቦራቶሪ በ1990 «ኤፍ ቱ ሲ» የተሰኘ ከፎርትራን ወደ ሲ የሚመልስ ፕሮግራም ተዘጋጀ።

አሠራሩ ከሰዋስው ክፍለ ጊዜያችን ብዙም አይርቅም። መጀመሪያ ጽሑፉን በቃልና በምልክት ይለያያል፤ ቀጥሎ እኛ ባለቤቱን፣ ተሳቢውንና ማሰሪያ አንቀጹን እንደምንለይ ሁሉ የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚሄድ በዛፍ መልክ ያስቀምጣል፤ በመጨረሻም ከዛፉ ላይ በአዲሱ ቋንቋ ይጽፋል። ይህ ለማሽን ቀላል ነው።

ጣጣው ያለው ትርጉሙ ላይ ነው። በፎርትራን የአንድ ዝርዝር የመጀመሪያ ቦታ እንደ ልማዱ 1 ሲሆን፣ በሲ ግን 0 ነው። ይህን ማሽኑ አንድ በመቀነስ ያስተካክላል። የማይወጣውም አለ። ከ5 ጀምሮ እስከ 3 እየጨመረ እንዲደጋግም የታዘዘ ፕሮግራም ስንት ጊዜ ይሠራል? በ1977ቱ የፎርትራን ደንብ ምንም ጊዜ፤ ከዚያ በፊት በነበሩ ብዙ ኮምፓይለሮች ግን አንድ ጊዜ ይሠራ ነበር። ጽሑፉ ያው፣ ሥራው ሌላ! በኤፍ ቱ ሲ ውስጥ ይህን የሚወስነው ማሽኑ ሳይሆን፣ የድሮው ልማድ ይጠበቅ ብሎ የሚያዘው ሰው ነው።

ለእኛ ለመምህራን ይበልጥ የሚቀርበው ምሳሌ ግን የፓይተን ነው። በሁለተኛው ፓይተን ሙሉ ቁጥር ለሙሉ ቁጥር ሲካፈል ትርፉ ይጣላል። 149 ለ3 ሲካፈል 49 ብቻ ይሰጣል። በታኅሣሥ 2008 እ.ኤ.አ. የወጣው ሦስተኛው ፓይተን ግን 49.67 ገደማ ይላል። እንግዲህ የተማሪ አማካይ የሚያወጣ አሮጌ ፕሮግራም አለ እንበል፤ ማለፊያው 50፣ ውጤቱም ወደ ቅርቡ ሙሉ ቁጥር ይጠጋ። ትናንት በ49 የወደቀው ልጅ ዛሬ በ50 ያልፋል፤ ያውም ማንም አንዲት የማካፈያ ምልክት ሳይነካ። ከ2 ወደ 3 እንዲመልስ የተሠራው መሣሪያ የማተሚያውን ትእዛዝ በቅንፍ ያስገባል እንጂ የማካፈያውን ምልክት ዝም ብሎ ያልፈዋል። አይፈረድበትም፤ ምልክቱ ግራና ቀኝ ያሉት ፊደላት ሙሉ ቁጥር ይያዙ ወይም ክፍልፋይ ከጽሑፉ ብቻ ማወቅ አይችልም። መሣሪያው ራሱ በ2024 ከወጣው ከ3.13 ጀምሮ ከፓይተን ጋር መምጣቱ ቀርቷል።

ታዲያ 49ኙ ስህተት አልነበረም ወይ? ሊሆን ይችላል። በእኛ አስተያየት ግን አስተርጓሚ አሮጌው ፕሮግራም የሰጠውን መልስ፣ ጥፋቱን ጭምር፣ እንዳለ ማምጣት አለበት። ማረሙ ከዚያ በኋላ፣ ራሱን ችሎ፣ በግልጽ ይሁን። ሁለቱ ሥራዎች ከተቀላቀሉ የልጁ ውጤት ለምን እንደተለወጠ ለወላጁ ማስረዳት ያስቸግራል።

በ2020 የፌስቡክ ተመራማሪዎች «ትራንስኮደር» የተባለ ሥራ አቀረቡ። ይህኛው ሰው የጻፈለትን ደንብ ሳይከተል፣ እጅግ ብዙ የፕሮግራም ጽሑፍ አንብቦ በሲ ፕላስ ፕላስ፣ በጃቫና በፓይተን መካከል መተርጎምን ራሱ የሚማር ነው። ተመራማሪዎቹ ጥራቱን ሲለኩ ጽሑፉ ምን ያህል ይመሳሰላል በማለት ብቻ አልቆሙም፤ ለሁለቱም ፕሮግራሞች ተመሳሳይ ቁጥር ሰጥተው መልሱ አንድ መሆኑንም አዩ። እኛም ማድረግ ያለብን ይህንኑ ነው፤ ዜሮውን፣ ነጌቲቩን፣ ባዶውን ዝርዝር ሁሉ ጨምሮ።

ነጌቲቩን ለምን? በፓይተን ሙሉ ቁጥር ሲካፈል ውጤቱ ሁልጊዜ ወደ ታች ይወርዳል፤ -7 ለ2 ሲካፈል -4፣ ቀሪው 1። በሲና በጃቫ ግን ወደ ዜሮ ይጠጋል፤ -3፣ ቀሪው -1። ሁለቱንም በ2 አባዝታችሁ ቀሪውን ብትደምሩ -7 ይመጣል፤ ሁለቱም ልክ ናቸው።

ለሰልጣኞች፦ -8 ለ3 ሲካፈል በሁለቱ መንገድ ስንት ይደርሳል፣ ስንትስ ይቀራል? በቁጥር መስመር ላይ አሳይታችሁ ከዚህ ጽሑፍ ጎን ለጥፉት።