ቆሽት ሲቆጣ

የተናደደ ሰው «ቆሽቴ አረረ» ይላል። ያበጠና የቀላ ቁስል ደግሞ «ተቆጣ» ይባላል። የዛሬው ትምህርታችን ሁለቱ አባባሎች የሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው፦ ቆሽት በእርግጥ ሲቆጣ ኢንሱሊን የሚሠሩት ሕዋሳት ምን ይሆናሉ?

በቅድሚያ ጤነኛውን እንይ። ጀርመናዊው ፓውል ላንገርሃንስ እ.ኤ.አ. በ1869 ገና ተማሪ ሳለ የገለጻቸው የቆሽት ደሴቶች እያንዳንዳቸው ከጤፍ ፍሬ ያንሳሉ። በውስጣቸው ያሉት ቤታ ሕዋሳት ስኳርን የሚለኩት እንደ ምላስ ቀምሰው ሳይሆን አቃጥለው ነው። ምሳ በልተን በደም ውስጥ ግሉኮስ ሲበዛ ወደ ሕዋሱ ይገባል፤ ግሉኮካይኔዝ የተባለው ኢንዛይም ይቀበለዋል፤ ማቃጠሉ ማይቶኮንድሪያ ውስጥ ይፈጸምና ኤቲፒ የተባለው ጉልበት ይገኛል። ኤቲፒ ሲበዛ በሕዋሱ ሽፋን ላይ ያለው የፖታሲየም በር ይዘጋል። በዚህ ጊዜ የሽፋኑ ኤሌክትሪክ ይለወጥና የካልሲየም በር ይከፈታል፤ ካልሲየም ሲገባ በከረጢት ተዘጋጅቶ የቆየው ኢንሱሊን ወደ ደም ይፈስሳል። ሰንሰለቱን በጣታችሁ እየቆጠራችሁ አንዴ ድገሙት፤ ቀሪው ሁሉ የተንጠለጠለው በእሱ ላይ ነው። በነገራችን ላይ፣ ብዙ ሕመምተኞች የሚውጡት ግሊቤንክላሚድ ይህንኑ የፖታሲየም በር በቀጥታ ይዘጋዋል፤ ኤቲፒን አይጠብቅም።

አሁን ወደ ቁጣው እንሂድ። በአንደኛው ዓይነት የስኳር በሽታ የሰውነት መከላከያ ሕዋሳት ወደ ደሴቶቹ ይዘልቁና ሳይቶካይን የሚባሉ መልእክቶችን ይረጫሉ። ኢንተርሉኪን-1 ቤታ አንዱ ነው፤ ኢንተርፌሮን ጋማ ሲታከልበት ይብሳል። መልእክቱ በቤታ ሕዋሱ ደጅ ላይ ያለውን ተቀባይ ይነካል፤ በውስጥ ኤንኤፍ-ካፓ-ቢ የተባለው ፕሮቲን ኒውክለስ ገብቶ ጂኖችን ይቀሰቅሳል፤ ከእነዚህ አንዱ ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለውን ጋዝ የሚሠራ ኢንዛይም ያወጣል።

ጋዙ የማይቶኮንድሪያን ኢንዛይሞች፣ በተለይም ብረትና ድኝ ያዘለውን አኮኒቴዝን ይመታል። ከዚያ በኋላ ግሉኮስ መግባቱን ይገባል፤ እንደ ወትሮው ግን አይነድም። እርጥብ እንጨት የተማገደበትን ምድጃ አስቡ፤ እንጨቱ ሞልቷል፣ ምጣዱ ግን አልጋለም። ኤቲፒ ይወርዳል፣ የፖታሲየም በር ክፍቱን ይቀራል፣ ካልሲየም አይገባም፣ ኢንሱሊኑ በከረጢቱ እንደተኛ ይቀራል።

ሕዋሱ ግን አልሞተም። ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ ዝም ያለውን ሙት ብሎ ይጽፋል። በላቦራቶሪ፣ ለአንድ ቀን ያህል ሳይቶካይን ውስጥ የዋሉ የአይጥ ደሴቶች የጋዙ ምርት ሲታገድላቸው አገግመዋል፤ ቁጣው ከዚያ በላይ ሲራዘም ግን መመለሻ የለም።

«ታዲያ ኢንተርሉኪኑን ብናግደውስ?» ትሉኝ ይሆናል። ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመ ጥናት አናኪንራ የተባለው መድኃኒት ለ13 ሳምንት ሲሰጥ የሁለተኛው ዓይነት ሕመምተኞችን ስኳር በመጠኑ ዝቅ አደረገ። በ2013 በታተመው ውጤት ግን የአንደኛው ዓይነት ገና በጀመራቸው ሰዎች ላይ አናኪንራም ሆነ ካናኪኑማብ የተባለው ሌላ የኢንተርሉኪን ማገጃ የቀረውን ኢንሱሊን የማምረት አቅም ማትረፍ አልቻሉም። እናም ኢንሱሊን የምትወጉ አንባቢዎች፣ «ቁጣ ያበርዳል» ብሎ የሚመጣ ማንኛውም ነገር መርፌያችሁን እንዳያስተዋችሁ።