የጎማ ዙርና የመሬት ምልክት፦ ተንቀሳቃሽ ሮቦት ያለበትን ቦታ እንዴት ያውቃል?

የአጥር ወይም የውኃ መስመር ርዝመት በእርምጃ የለካ የሰበካ ጉባኤ የልማት ኮሚቴ አባል ሁሉ የዚህን ትምህርት መነሻ አስቀድሞ ያውቀዋል። ዳገት ላይ እርምጃ ያጥራል፤ ጭቃ ላይ እግር ይንሸራተታል፤ ቁጥሩ ግን መጨመሩን አያቆምም። ራሱን ችሎ የሚጓዝ ሮቦትም የሚፈተነው በዚሁ ነው።

ሮቦቱ በቅድሚያ የጎማዎቹን ዙር ይቆጥራል። የጎማው ዙሪያ ርዝመት ስለሚታወቅ በዙሩ ብዛት ተባዝቶ የተጓዘው ርቀት ይገኛል፤ አቅጣጫውን ደግሞ መዞርን የሚለካ መሣሪያ ይነግረዋል። ይሁን እንጂ አዲሱ ስሌት ሁሉ በቀደመው ላይ ስለሚመሠረት ትንሿ ስሕተት ሳትታረም እየተደመረች ትሄዳለች።

እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2004 ማርስ ላይ ያረፈችው ኦፖርቹኒቲ የተባለች የናሳ ሮቦት የገጠማትን እንመልከት። ኤፕሪል 26 ቀን 2005 ነፋስ በከመረው አሸዋ ውስጥ ተያዘች። በዕለቱ ጉዞዋን በፎቶግራፍ አታመሳክርም ነበርና መቆሟን ሳታውቅ ጎማዎቿን ማዞር ቀጠለች። ለማውጣት ሳምንታት በፈጀው ጥረት ጎማዎቿ 192 ሜትር የሚያስኬድ ዙር ዞረው፣ እርሷ ፈቅ ያለችው 1 ሜትር ያህል ብቻ ነበር! ዙሩን ብቻ ያመነ ከአሸዋው ርቃ ሄዳለች ባለ ነበር። ማርስ ላይ ጂፒኤስ የለም፤ ከምድር የሚላክ የሬዲዮ ትእዛዝም ደቂቃዎች ስለሚወስድ በጊዜው ደርሶ የሚያስቆማት አልነበረም።

መፍትሔው ካሜራ ነው። እንደ ሁለት ዓይን ጎን ለጎን የተተከሉ ካሜራዎች አካባቢውን ያነሣሉ፤ ሮቦቷ ጥቂት ከተጓዘች በኋላ ዳግም ያነሣሉ። ኮምፒዩተሩ ያንኑ ድንጋይ በሁለቱም ፎቶግራፎች ላይ ፈልጎ፣ ከሮቦቷ አንጻር ምን ያህል ቦታ እንደለወጠ በማስላት እውነተኛውን ጉዞ ያገኛል። በዚያ ዘመን ኮምፒዩተር እያንዳንዱ ንጽጽር ደቂቃዎች ይፈጅ ስለነበር፣ መንሸራተት በሚያሰጋበት ቦታ እንጂ በየእርምጃው አይሠራበትም ነበር።

ድንጋይ የሌለበት ለስላሳ አሸዋ ሲያጋጥምስ? በ2012 ያረፈችው ኪውሪዮሲቲ ለዚህ መላ ተበጅቶላታል። ጎማዎቿ ላይ የተበሱት ቀዳዳዎች በእያንዳንዱ ዙር አሸዋው ላይ ምልክት ያትማሉ። (ምልክቱ በሞርስ ሲነበብ የሠሪዎቿን ቤተ ሙከራ ምሕጻረ ስም፣ ጄፒኤልን፣ ይሰጣል፤ መሐንዲሶችም መጫወት ይወዳሉ።) በሁለት ምልክቶች መካከል ያለው ርቀት ከጎማው ዙሪያ ርዝመት ካነሰ ጎማው ተንሸራቷል ማለት ነው።

የካሜራው ስሌትም ቢሆን ከረጅም ጉዞ በኋላ ጥቂት ይዛነፋል። ስለዚህ ምድር ላይ ያሉ ባለሙያዎች ሮቦቷ ያነሣቻቸውን ኮረብቶችና ዐለቶች ማርስን ከሚዞሩ ሳተላይቶች ፎቶግራፍ ጋር አስተያይተው ቦታዋን በካርታው ላይ ያርማሉ።